ንባቡ ለሐኪም፣ ትርጓሜው ለማን?

ሐኪሞች ስለ ራጅ ሲናገሩ የሚመርጡት ግስ ዘወትር ይገርመኛል። «ራጁ ገና አልተነበበም»፣ «የሚያነበው ሐኪም ነገ ይገባል»፣ «ንባቡ ሲደርስ ይዘውት ይምጡ» ይላሉ። ፎቶግራፍ ይታያል፤ ራጅ ግን ይነበባል። በጥቁር ገጽ ላይ በነጭና በግራጫ የሰፈረ ጽሑፍ ነው ማለት ነው፤ ብራናው ፊልም፣ ቀለሙ ጨረር፣ ነገሩ የታማሚው ገላ። ንባብ ካለ ደግሞ አንባቢ አለ፤ አንባቢ ካለም «ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰሚ አይጠፋም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለዚህ ሰሚ ነው። በራጅ ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ገዛ ገላው የተጻፈውን ነገር ከእርሱ በቀር ሌላው ሁሉ የሚያውቅበትን ሰው ማለቴ ነው።

አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። የራጅም ሆነ የሲቲ ስካን ውጤት የያዘ ወረቀት ሁሉ፣ ከእንግሊዝኛው ዘገባ ግርጌ፣ ታማሚው በሚሰማው ቋንቋ የተጻፉ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሊኖሩት ይገባል ባይ ነኝ። ይህን የደግነት ጉዳይ አድርገው የሚቆጥሩት አሉ። ለእኔ ግን የሕክምናው አንድ አካል ነው፤ እርሱ ሲጎድል ሕክምናው ራሱ ይጎድላል። ለምን እንዲህ እንደምል ያየሁትን ላውጋችሁ።

* * *

ለሳምንታት አልለቅ ያለኝ ራስ ምታት ነበረኝ። የመረመረኝ ሐኪም የጭንቅላት ሲቲ ስካን እንድነሣ አዘዘልኝ። ከምኖርበት ከቀራንዮ በማለዳ ታክሲ ይዤ፣ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድሁ። የሆስፒታሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የማወራው ነገር የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለምና።

ካርድ ክፍል ወረፋ፣ ገንዘብ መክፈያው መስኮት ወረፋ፣ ከዚያም ረጅሙ ኮሪደር። በኮሪደሩ መጨረሻ ከባድ በር አለ። በበሩ ላይ በቢጫ መደብ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት ተለጥፏል፤ ከሥሩም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አስቀድማ ለባለሙያው እንድትናገር የሚያሳስብ ጽሑፍ አለ። ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ሲበራ ማንም አይገባም። ከበሩ ውጭ ደግሞ አግዳሚው ሞልቷል። እግሩ በጀሶ የታሰረ የቀን ሠራተኛ፣ ሕፃን የታቀፈች እናት፣ ከዚህ ቀደም የተነሣቸውን ፊልሞች በትልቅ ፖስታ ይዞ እንደ ርስት ደብዳቤ ደረቱ ላይ ያስደገፈ ሽማግሌ። ሁሉም ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። በዚያ አግዳሚ ላይ ብዙ ወሬ የለም። ሰው ሌላ ወረፋ ላይ ሲቆም ያማርራል፣ ይቀልዳል፣ ይጫወታል፤ በራጅ ክፍል በር ላይ ግን እያንዳንዱ ወደ ውስጡ እያዳመጠ ይቀመጣል።

ከእኔ ፊት ደረታቸውን ሊነሡ ተራ የደረሳቸው እናት ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጎልማሳ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ። ባለሙያው ወጣት ነው።

«እማማ፣ የአንገትዎን መስቀል ያውልቁልኝ» አላቸው።

«ለምን ልጄ? እሱን አውልቄ ማን አለኝ?»

በሩ ገና አልተዘጋም፤ አግዳሚው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። ባለሙያው አልተቆጣም፤ ጎንበስ አለና ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«እማማ፣ መስቀልዎ ብረት ነው፤ ጨረሩ ብረት አያልፍም። እንዲህ እንዳሉ ቢነሡ ጥላው ሳንባዎ ላይ ያርፍና፣ ሐኪሙ በሽታ ነው መስቀል ነው ብሎ ይቸገራል። ልጅዎ ይያዝልዎ፤ ሲወጡ ያጠልቁታል።»

«እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ምናለ ታዲያ» አሉና መስቀሉን ስመው ለልጃቸው ሰጡት።

አንባቢ ሆይ፣ የዚያን ወጣት ንግግር ደግመህ አንብበው። የራጅ አሠራር በሙሉ በውስጡ አለ። ጨረሩ ሥጋን ያልፋል፤ ዐጥንት ይይዘዋል፤ ብረት ጨርሶ ያግደዋል፤ በወዲያኛው በኩል የሚቀረው የተለያየ ክብደት ያለው ጥላ ነው። «ጥላ» የሚለው ቃል ከየትም የመጣ አይደለም፤ የእማማ ቃል ነው። ባለሙያው አንድም የባዕድ ቃል ሳይጨምር ነገሩን አስረዳ፤ እርሳቸውም ገባቸው፤ ስለ ገባቸውም እሺ አሉ። እንግዲህ አማርኛ አይችልም የሚለው ክርክር በዚያ በር ላይ ተረታ።

የእኔም ተራ ደረሰ። ሲቲ ስካን ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው፤ ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባ ይተኛሉ፤ አልጋው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ትልቅ ነጭ ቀለበት ይገባል። በቀለበቱ ውስጥ የጨረሩ ምንጭ በጭንቅላት ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ከወዲያ በኩል ያለው ተቀባይ ያለፈውን ጨረር ይለካል። ከዚያ ኮምፒውተር ልኬቱን ሰብስቦ፣ ጭንቅላትን እንደ ድፎ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ አድርጎ በሥዕል ያወጣዋል። ለውኃ ዜሮ፣ ለአየር ከዜሮ በታች አንድ ሺሕ ተብሎ በተቀመጠ መስፈሪያ እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የግራጫው መልክ የዚያ ቁጥር መልክ ነው። ሕመም የለውም። «አይንቀሳቀሱ» የሚል ድምፅ፣ የሚያጓራ ነገር፣ ከዚያ ዝምታ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ወጣሁ።

ንባቡ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነበር። አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ነው። በመካከሉ ካልቫሪየም አልተሰበረም የሚል ሐረግ አገኘሁና ብቻዬን ፈገግ አልሁ። ይህ የላቲን ቃል የራስ ቅል ማለት ነው። በአራማይክ ጎልጎታ፣ በግሪክ ክራኒዮን፣ በላቲን ካልቫሪያ የሚባለው ሁሉ አንድ ነገር ነው፤ የእኛ ቀራንዮ የመጣው ከግሪኩ ነው። ሰፈራችን ስሙን የወረሰው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የሐኪሞቹ ክራኒየምም ከዚያው ግንድ የተቆረጠ ነው። ስለ ራስ ቅሌ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው ወረቀት የሰፈሬን ስም ይዟል ማለት ነው። በሐኪም ቤት ባዕድ የሚመስለን ቃል ሁሉ ባዕድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ከዚያ ዝቅ ብሎ «አንሪማርከብል» የሚል ቃል አለ። የቃል በቃል ትርጉሙ «ሊጠቀስ የማይገባው» እንደ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚፈልገው ሰው ስለ አንጎሉ የተነገረ ስድብ ሊመስለው ይችላል። በሐኪሞች ዘንድ ግን ከመልካም ዜናዎች ሁሉ ይበልጣል፤ «ደኅና ነው» ማለት ነው። ለእኔ ወረቀቱን የሰጠኝ ወጣት ሐኪም ሳልጠይቀው እንዲህ ብሎ አሳረፈኝ፦ «ጭንቅላትዎ ውስጥ ምንም የሚያሰጋ ነገር አልታየም።» ቆጠርኋቸው፤ ስድስት ቃላት ናቸው። ከገጹ ሁሉ ወደ ቤቴ ይዤ የገባሁት እነዚያን ስድስቱን ነው።

ወደ መውጫው ሳመራ የእማማ ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝ። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ እያየ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ብርሃን ይበቃ ይመስል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ይህቺን ወረቀት ቢያዩልኝ። ያዘዘላት ሐኪም ዛሬ የለም፤ ሰኞ ነው የሚገባው አሉን። እኛ ደግሞ ከሩቅ ነው የመጣነው። ደኅና ከሆነች አንመላለስም፣ ይዣት ልግባ ብዬ ነው።»

አነበብሁት። በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ላይ ጥላ እንደታየ ይናገራል፤ ምን ሊሆን እንደሚችል ሁለት ሦስት ነገር ይዘረዝራል፤ በመጨረሻው መስመር የአክታ ምርመራ እንዲደረግ ያሳስባል። ሐኪም እንዳልሆንሁ፣ በሽታው ይህ ነው ማለት እንደማልችል ነገርሁት። የመጨረሻው መስመር ግን ምርመራ እንደቀራቸው በግልጽ ይናገራልና፣ አክታቸውን ሳይሰጡ እንዳይሄዱ አልሁት።

«ምን አለህ?» አሉ እማማ።

«ገና ሌላ ምርመራ ይቀራል ነው የሚሉት።»

«ተነሥቼ የለም እንዴ? ጨረሩ ገብቶ አላቃጠለውም?»

እናትና ልጅ ተመልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ግን የእማማ ጥያቄ አብሮኝ ወጣ።

* * *

ይህን ጥያቄ ሰምቶ የሚስቅ ሰው ይኖራል። እኔ አልሳቅሁም። እማማ ክፍሉ ድረስ መጥተዋል፣ ከፍለዋል፣ መስቀላቸውን አውልቀዋል፣ ትንፋሻቸውን ያዙ ሲባሉ ይዘዋል። የታዘዙትን ሁሉ ፈጽመዋል። ያልተነገራቸውን ግን ከየት ያምጡት? «ራጅ ተነሣሁ» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ነገሩን ያለቀ ያስመስለዋል። ፎቶግራፍ እንደ መነሣት፣ መርፌ እንደ መወጋት። በወረቀቱ ላይ የነበረው አሳሳቢ መስመር በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ፣ ለእርሳቸው እንዳልተጻፈ ያህል ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ቢሆን ኖሮስ? መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጥ፣ በመደበኛው ሕክምና በስድስት ወር የሚድን በሽታ ነው። ሳይታወቅ ቤት ከገባ ግን ታማሚውንም ይጥላል፣ አብሮት የሚተኛውን የልጅ ልጅም ይይዛል። እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ በተገኘ እንግሊዝኛ አንባቢ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶች። በእኛ ዘመን ሆድ ያባውን ራጅም ያወጣዋል። የወጣው ነገር ግን ለባለ ሆዱ ካልተነገረ፣ ከአንዱ መሸሸጊያ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ወጣ አይባልም።

* * *

ስለዚህ ጨረር ታሪክ ጥቂት ልበል፤ የሰው ሁሉ ሀብት መሆኑን ያሳያልና። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ነው። ምንነቱ ስላልታወቀው «ኤክስ» ብሎ ሰየመው፤ ያልታወቀ ቁጥር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ቀን የሚስቱን የአና በርታን እጅ አነሣ፤ ዐጥንቶቿና የጣቷ ቀለበት በጥላ ወጡ። ግኝቱን በባለቤትነት መብት አላጠረውም፤ ማንም ይጠቀምበት ብሎ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ።

የሚስቱ እጅ በተነሣ ከሁለት ወር ጥቂት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1896 ደግሞ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣሊያ ጦር ሐኪም፣ በኢትዮጵያው ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በኤክስ ጨረር መረመረ፤ በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈልጎም አገኘ። በጦር ሕክምና ታሪክ የመጀመሪያው የራጅ አገልግሎት ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ጨረሩ ገና ሕፃን ሳለ እንዲያነብ ከተሰጡት ጽሑፎች አንዱ የኢትዮጵያውያን ጥይት ነበረ ማለት ነው። ዛሬ የምንጠራበት ስም እንኳ ከጣሊያንኛው «ራጂ» ነው የመጣው፤ ጨረሮች ማለት ነው። ቃሉ ከጠላት አገር መጥቶ፣ በሕዝብ አፍ ተሞርዶ፣ ከ«ኤክስሬይ» ይልቅ የእኛ ሆኖ ቀረ።

የሲቲ ስካንም ታሪክ አህጉራችንን ይነካል። የመጀመሪያው ታማሚ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል የተነሣው በእንግሊዛዊው በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ መሣሪያ ነው። በ1979 ግን ከእርሱ ጋር የኖቤል ሽልማቱን የተካፈለው ደቡብ አፍሪካዊው ተወላጅ አላን ኮርማክ፣ የስሌቱን ሐሳብ የጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕ ታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠራ ነበር። ጨረሩም ስሌቱም ለአንድ ወገን ተለይቶ አልተሰጠም። መሣሪያው ተገዝቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ደርሷል። ያልደረሰው ንግግሩ ነው።

* * *

ለዚህ መፍትሔ ባሕር ማዶ ማየት አያስፈልገንም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለዘመናት ሲሠሩበት ኖረዋል። በመጻሕፍት ቤት ንባቡ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜው አማርኛ ነው። መምህሩ ንባቡን ያሰማና ወዲያው በሕዝቡ ቋንቋ ይፈታዋል። ፍቺው ከአንድ በላይ ከሆነም «አንድም» እያለ ይደረድራል። ንባቡን የሚያቃልል ማንም አልነበረም፤ ትርጓሜ ስለ ተጨመረለት ክብሩ የቀነሰም ንባብ የለም።

የራጅ አንባቢው ሐኪምም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጥላውን አይቶ «አንድም የቆየ ጠባሳ ይሆናል፣ አንድም ነቀርሳ ይሆናል፣ አንድም ሌላ» ይላል። የማጠቃለያውንም ርእስ «ኢምፕሬሽን» ብሎ ይጠራዋል፤ «እንደ ታየኝ» እንደ ማለት። ይህ የትሑት ሊቅ አነጋገር ነው፤ አከብረዋለሁ። እንግሊዝኛው ይቅር አልልም። የሕክምና ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐኪም ለሐኪም የሚጽፈው ነገር አንድ ወጥ ቃል ይፈልጋል፤ ታማሚው ነገ ወደ ሌላ አገር ቢሄድም የሚነበብለት እርሱ ነው። ንባቡ እንዳለ ይሁን። እኔ የምጠይቀው የትርጓሜውን ቦታ ነው።

* * *

ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ብርቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ራጅ የሚያነቡ ሐኪሞች ጥቂት፣ ፊልሙ ብዙ። እውነት ነው። ግን የዘገባዎቹን ቋንቋ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አብዛኛው ሐረግ ተደጋጋሚ ነው። ተደጋጋሚ ከሆነ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል። «በሳንባዎ ላይ የሚያሰጋ ነገር አልታየም።» «በሳንባዎ ላይ ጥላ ታይቷል፤ ምንነቱን ለማወቅ የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል።» «ይህ ሥዕል ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ ያዘዘልዎትን ሐኪም ሳያነጋግሩ አይቅሩ።» እነዚህን አንድ ጊዜ አስቦ ጽፎ፣ በየዘገባው ግርጌ የሚስማማውን መምረጥ የደቂቃ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ድንጋጤ ነው። «ታማሚው ሐኪሙን ሳያገኝ አንብቦ ይደነግጣል» ይላሉ። ዛሬስ አይደነግጥም? እንግሊዝኛ የሚያውቅ የሚመስለውን ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ እያስነበበ፣ አንዱ «ካንሰር ነው» ሌላው «ምንም የለም» እያለው አይደለም? ለድንጋጤ መፍትሔው በጥንቃቄ የተጻፈ ቃል ነው። በአሜሪካ ሕሙማን የምርመራ ውጤታቸውን ሳይዘገይ እንዲያዩ የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ደግሞ የዘገባው ቋንቋ የታማሚው ቋንቋ ነው፤ ሆኖም የሐኪም እንግሊዝኛ የሕዝብ እንግሊዝኛ ስላልሆነ፣ በቀላል ቃል ይጻፍልን የሚለው ጥያቄ አልቀረም። እነርሱ በገዛ ቋንቋቸው ትርጓሜ ከፈለጉ፣ እኛ ምን ያህል ይገባን ይሆን?

ሦስተኛው የቋንቋዎቻችን ብዛት ነው። የአዲስ አበባ አግዳሚ ወንበሮች ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ አፉን በአማርኛ የፈታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ከላይ ያልኋቸው አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራግኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ይዘጋጁ። ቢበዛ ጥቂት ገጽ ነው። የቋንቋ ብዛት ማንንም ላለማናገር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አራተኛው ተቃውሞ እኛን፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን፣ ይመለከታል፤ «ቃል የለም» የሚለው ነው። ከፊሉ ሐሰት ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቆሽት፣ ሐሞት፣ ኩላሊት፣ ሰረሰር፣ መቅኔ ከጥንት አሉን። ከልብ ደም ይዞ የሚወጣውን «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመልሰውን «ደም መልስ» ብለው የሰየሙ ሰዎች፣ አንድ ቃል እንዴት በራሱ ላይ ትምህርት እንደሚሸከም አሳይተውናል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶልናል፤ ከመደርደሪያ ወደ ታማሚው አልጋ የሚያደርሰው ሰው ጠፋ እንጂ።

ከፊሉ ግን እውነት ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። «ነቀርሳ» ስንል የሳንባውን ተላላፊ በሽታም፣ ካንሰርንም በአንድ ቃል ስንጠራ ኖረናል። አንደኛው በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል፤ ሁለተኛው ሌላ መንገድ ነው። «ዕጢ» ሲባልም በጤና አብሮን የተፈጠረውን የሰውነት ክፍልም፣ በክፉ የበቀለውን እብጠትም ይመለከታል። አንዲት ሴት «አንገትዎ ላይ ዕጢ አለ» ብትባል የትኛውን ልትሰማ ነው? ይህን የሚለይ ቃል መምረጥ፣ መፈተን፣ ማልመድ የሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም። ለአንዲት የግጥም ቃል ሌሊት የምንነጋ ሰዎች፣ ለዚህ አንድ ከሰዓት ብንሰጥ አይበዛም።

ቃል በሕመም ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ለማየት ከሰፈሬ ርቄ መሄድ አያስፈልገኝም። እኔ በዚያ ቀን ከሄድሁበት ሆስፒታል ሌላ፣ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ አለርት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመ። አጠገቡ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ፤ ስሙን ያገኘው የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ነው። በሽታው መድኃኒት ካገኘ በኋላም ብዙዎችን ከቤታቸው ያስወጣ፣ ትዳር ያፈረሰ፣ ሥራ የከለከለ ስሙ ነበር። የስድብ ስሙ ቀርቶ «የሥጋ ደዌ» እንዲባል የደከሙ ሰዎች ከመድኃኒቱ ጎን ቃልን አቁመዋል። መርፌና እንክብል ያልደረሰበት ቁስል ላይ ቃል ይደርሳል፤ ክፉም ቢሆን በጎ።

* * *

ለሆስፒታል አስተዳዳሪዎች፣ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የምለውን ብያለሁ። የትርጓሜውን ቦታ በወረቀቱ ላይ ክፈቱ፤ ራጅ አንባቢ ሐኪም ስታሠለጥኑም ንባቡን እንደምታስተምሩት ትርጓሜውን አስተምሩት።

ለእናንተ፣ ይህን ለምታነቡ፣ ያለኝ ልመና ከዚያ ያነሰ ነው። እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ወይም የቤት ሠራተኛችሁን ይዛችሁ ወደ ራጅ ክፍል በሄዳችሁ ጊዜ፣ ፖስታውን ተቀብላችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ሐኪሙን በትሕትና «ይህን በአማርኛ እንዴት ይሉታል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁን በፖስታው ጀርባ ላይ በጉልህ ጻፉት፤ ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበትና መቼ መመለስ እንዳለባቸውም ጨምሩበት። ከዚያም ለታማሚው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።